ምድጃውን ወደ ደጅ ያወጣን ዕለት

ድንቄም ምድጃ! ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልን ባለመስተዋቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዓይኑን ጨፈነ። ሲመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው ይመላለስ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ጢጥ የሚል። ድስት የሚጣድበት ዕቃ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴሌቪዥን ነበር የሚመስለው። ባለፈው ሰሞን መብራቱ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ አለና ምድጃው ጢጥ ማለቱንም ተወ። ባለሙያ አስጠራሁ። ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ጎልማሳ መጣ። ካቻቢቴ አልያዘም። እደግመዋለሁ፤ ምድጃ ሊጠግን የመጣ ሰው ካቻቢቴ አልያዘም። የስልኩን መብራት አብርቶ መስተዋቱን ከላይ ከላይ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ቦርዱ ነው ጋሼ" አለኝ። "ሳትከፍተው በምን አወቅህ?" ብለው፣ "የዚህ ዓይነቱ ሁሌም ቦርዱ ነው፤ አዲስ ይግዙ" ብሎኝ ወጣ። ኤዲያ! የዛሬ ባለሙያ ሥራው ዕቃው መሞቱን መንገር ብቻ ነው። መርዶ ነጋሪ በሉት። ራሴ ልክፈተው ብዬ ገለበጥኩት፤ የምፈታው ብሎን ብፈልግ አንድም የለው፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ለጥፈውታል። የሠሩትም ሰዎች እንዲከፈት አልፈለጉም ማለት ነው።

ባለቤቴ ሙሉ "እንግዲህ በከሰል እንቀቅላለና" ስትል እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ አሮጌውን ምድጃ ከጤፍ ጆንያ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የአባቴ ምድጃ ነው። አራት እግር ያለው የላሜራ ሣጥን፣ በላዩ ክብ ሸክላ፣ ሸክላው ላይ እየዞረ ወደ መሐል የሚገባ ቦይ፣ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ፤ አለቀ። ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ አይቶም ሊገባው የሚችል ዕቃ። የሚበላሸውም ሁለት ነገሩ ነው። አንዱ ሽቦው ነው። ሲበጠስ ሰው ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ጠምዝዞ ይቀጥለዋል፤ በቀጠለው ቁጥር ያጥራል፣ ባጠረ ቁጥር ከልኩ በላይ ይግላል፣ ስለዚህ መልሶ ይበጠሳል። ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሽቦ ሲጠመዝዝ የኖረ ሰው እዚህ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ብዙ ነበር፤ አባቴ አንዱ ነው። ሁለተኛው ሸክላው ነው። ጆንያውን አንሥቼ ሳየው ሸክላው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ስባሪውን ብድግ ሳደርገው የተቃጠለ አፈር ሽታው አፍንጫዬን መታውና እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምነው አመመህ?" አለችኝ ሙሉ።

"ይህን ሸክላ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?"

"ከፋብሪካው አይደለም እንዴ?"

ልጆቻችንን ያሳደገችው በዚህ ምድጃ ላይ ወጥ እየሠራች ነው፤ ግን አታውቅም። ከየት ታውቅ? አልነገርኳትማ።

የእኛ ቤት ሰዎች ስንኮራ ጉድ ነበርን። ምን እንደሚያኮራን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አያቴ ከሰሜን ከሹም ጋር መጥተው ሶዶ ቀሩ፤ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ በቃ፣ ያለን ይኸው ነው። አባቴ ግን በዚያ ፀሐይ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ከኋላው ማኅተም የሚይዝለት ሰው ያለ ይመስል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር የሚሄደው። እናቴ ደግሞ ወለላችን ጣውላ በመሆኑ ብቻ ሰፈሩን ሁሉ አፍንጫዋን ነፍታ ታየዋለች። በየሳምንቱ ሰም ተቀብቶ፣ በጨርቅ ታሽቶ፣ ፊት የሚያሳይ ጣውላ። ጭጋጉ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ሰው ሁሉ በጭቃ ሲንቦጫረቅ እኛ ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን በካልሲ እንገባለን። ከተማዋ ራሷ ምን ነበረች? በስሙኒ አንድ እቅፍ ሙዝ የሚገዛባት፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ሬዲዮናቸውን ጮክ አድርገው የዘፈን ምርጫ የሚያዳምጡባት፣ የአንዱን ሰው አዲስ ሸሚዝ ሁሉም የሚያውቅባት መንደር። ዛሬ ባለመስተዋት ፎቅ ደርድረው፣ ባጃጁን እንደ አንበጣ ለቀውባት፣ ሠለጠንን ይላሉ። እኔ የማያት ያችኑ ጉረኛ ሶዶ ነው፤ ጣውላው ሴራሚክ ሆነ እንጂ።

ምድጃውን አባቴ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ ገዛው። አውቶቡስ ጣራ ላይ ይጫን ቢሉት እምቢ ብሎ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ ታቅፎት መጣ። እናቴ ማድ ቤት አላስገባችውም፤ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል አንጥፋ አስቀመጠችው። አንደኛ፣ ሶኬት ያለው ሳሎን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ፣ እንግዳ ካላየው ምኑን ምድጃ ሆነ? አንድ ቀን ወተት ጥዳ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ገነፈለባትና የጋለው ሸክላ ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። አባቴ "እኔው እጠግነዋለሁ" አለ። ክራቫቱን ሳያወልቅ የግቢያችንን ቀይ አፈር በውሃ ለውሶ ስንጥቁን መረገው። በማግስቱ ሲሰካው አፈሩ ደርቆ ረገፈ፤ ሽቦው በስንጥቁ ሾልኮ ላሜራውን ነካ፤ አባቴ ሣጥኑን ሲይዘው ነዝሮት ወንበር ላይ ተዘረጋ። ከተነሣ በኋላ "ፋብሪካው ነው ያበላሸው" አለ። እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ነው ያለው።

እኔ ያኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ ለዕረፍት መጥቼ። ጎፈሬዬ ሌላ፣ ከታች የሚሰፋው ሱሪዬ ሌላ፣ ጉራዬ ሌላ። ሽቦ ከሱቅ ይገኛል፤ ሸክላው ግን የለም። "ሸክላ ከሆነ ሸክላ ሠሪ ይሥራዋ!" ብዬ ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ በገበያ ቀን ወረድኩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ከገበያው ጥግ፣ ከሁሉ በታች፣ ዝናብ የሚያጥበው ቦታ ላይ ነበር የሚቀመጡት። የሚጠሩበትን ስም አልጽፈውም፤ ስድብ አድርገነው ነው ያደግነው። አገር ምድሩ፣ ወላይታውም ሆነ የእኛ ዓይነቱ መጤ፣ በድስታቸው ያበስላል፣ በጀበናቸው ይጠጣል፤ ቤቱ ግን አያስገባቸውም፣ ቤታቸው ገብቶም አይበላም። የእጃቸውን ሥራ አፉ ድረስ እያስገባ እጃቸውን የሚጸየፍ ሕዝብ! ይህን የሚያህል ቂልነት ሌላ የት ይገኛል?

ባሎቴ የምትባል እኩያዬ የምትሆን ልጅ ስባሪውን ተቀብላኝ አገላብጣ አየችው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው።

"እሳቷ በየት ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

"በዚህ ቦይ ውስጥ። ሽቦ አለ፤ ሽቦው ይግላል።"

"እንጨት የለም?"

"የለም።"

"ጭስ?"

"እሱም የለም።"

ሳቀች። የዋሸኋት መስሏት ነው። ሆኖም ሠራችልኝ፤ ቦዩን በስንጥር ቆፍራ፣ ልክ እንደዚያው አድርጋ። ወስጄ ስሰካው ሰዓት ሳይሞላው ከመሐል ተሰነጠቀ። መልሼ አመጣሁላት። አባቴ "ፋብሪካው" እንዳለው እሷም አፈሩን ወይ እኔን ትወቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስንጥቁን በጥፍሯ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ከዚያ "ድስት እሳት ከታች ሲመታው እኔ አውቃለሁ። ይሄ ግን እሳቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ሲግል ካላየሁ አልችልም" አለችኝ። እንግዲህ ይኸውላችሁ፤ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ከተሰበሰብነው ሰዎች ሁሉ፣ ጸሐፊውንም ተማሪውንም ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን የባለሙያ ንግግር የተናገረችው እሷ ናት።

ይዣት መጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "ይቺ እዚህ ጣውላ ላይ ትቆማለች? በቁሜ!" አለች። "እማዬ፣ ምድጃው እኮ ሳሎን ነው፣ ሶኬቱ ሳሎን ነው" ብላት፣ "ታዲያ ምድጃው ይውጣላታ!" አለች። አባቴ ይህን እንደ ታላቅ ብልሃት ተቀበለው። ገመድ በገመድ ቀጥሎ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ፣ በመስኮት አሳለፈው። ክብሩ የማይነካው ምድጃ፣ አውቶቡስ ጣራ አይጫን የተባለው ምድጃ፣ ወደ ደጅ ወጥቶ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ እንዳትገባ!

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ስላደረ ግቢው ውሃ ይዟል። ባሎቴ በባዶ እግሯ ነው። እኔ አውቅ ነበር። ቴክኒክ ትምህርት ቤት በገባን በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ ደረቅ ጣውላ ላይ የቆመ ሰው መብራት ቢይዘው ይተርፋል፣ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ግን አይተርፍም። ሸክላው የተሰነጠቀ ነው፣ ሽቦው ሾልኮ ላሜራውን ሊነካ ይችላል፤ አባቴን ያደረገውን በዓይኔ አይቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ። ጠመንጃ አልደገኑብኝ፣ እንጀራዬን አልነሡኝ፤ የፈራሁት የእናቴን ፊት መጥቆር ብቻ ነው። ወይ ጀግና!

ሽቦው ቀላ። ባሎቴ ቁጢጥ ብላ የእጇን ጀርባ ወደ ሸክላው አስጠግታ ሙቀቱን ስትለካ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ፤ ለራሷ የምታስበውን ትናገራለች። ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሌላውን ጎን ለማየት በግራ እጇ የሣጥኑን ጠርዝ ያዘች። መብራቱ አልለቀቃትም። ድምፅ አላወጣችም፤ ክንዷ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወደ ሳሎን ሮጬ ስፒናውን እስክነቅል ድረስ ያለፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለእሷ ግን በቂ ነበር። ተመልሼ ስወጣ ጭቃው ላይ ወድቃለች፤ መዳፏ ነጭ ሆኗል። እናቴ ከደጃፉ ላይ ሆና ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል "ምድጃው ተሰበረ?" የሚል ነው።

አብራት መጥታ አጥር ሥር ቆማ የነበረችው እህቷ ደግፋ ኦቶና ሆስፒታል ወሰደቻት፤ በእግር። እኔም ተከተልኩ። በመንገዱ በዚያኛው ጠርዝ፣ የማላውቃቸው መስዬ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ሲገቡ አይቼ ተመለስኩ። እጇ ዳነ ተባለ፤ ሁለት ጣቶቿ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ሸክላ ሠሪ ናት እንግዲህ፤ ጣቶቿ መሣሪያዎቿ ናቸው።

ከወር በኋላ እህቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አጥራችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሸክላው ነው። ያን ቀን ማየቷን አይታለች። የተሰበረ ገል ወቅጣ ከጭቃው ጋር ቀላቅላዋለች፤ ሥሩን አወፍራ፣ ቦዩን ጠለቅ አድርጋ ሽቦው እንዳይወጣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ መልሳዋለች። ገጠምነው። ከዚያን ዕለት የጤፍ ጆንያ እስከተጫነበት ቀን ድረስ፣ መንግሥት ሲመጣ መንግሥት ሲሄድ፣ አልተሰነጠቀም። እናቴ እስክታርፍ አበሰለችበት፤ ለእንግዳ "የፋብሪካ ዕቃ መቼም!" ስትል ሰምቻታለሁ። እኔም ቀና ብዬ አላረምኳትም፤ በልቤ ግን ናቅኋት። ዕድሜ ልኬን እናቴን ስንቅ ኖርኩ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሰው ሲንቅ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ ለሙሉ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። እየለቀመች ያለችውን ምስር ትታ ሰማችኝ። ስጨርስ "እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር?" አለችኝ። ከበርጩማው ተነሣሁ። ሱቅ ወርጄ ሸክላ ስጠይቅ የሚሸጡት ትናንሽ ናቸው፤ ባለሱቁ "ትልቁን የሚሠሩት ሻንቶ መንገድ ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው፤ ባሎቴ የምትባል አሮጊት አለች" አለኝ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ለሙሉ "ሸክላ ልገዛ አይደለም የምሄደው። አውቅ እንደነበር ልነግራት ነው" አልኳት። "ሂድ፤ ሳትነግራት እንዳትመለስ" አለችኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ በሚኒባስ ሄድኩ። ቤቷ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግድግዳው ሥር ክብ ክብ የምድጃ ሸክላ ተደርድሯል፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ የተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሶዶን ምድጃ ስትጠግን ኖራለች ለካ! ከነዚያ ሁሉ ካቻቢቴ ከማይዙ ባለሙያዎች አንዱም ስሟን አያውቅም። ባሎቴ ሸብታለች፣ ጎብጣለች፤ ግራ እጇ እንደዚያው ነው።

"ሳሮ" አልኳት፤ በወላይትኛ የማውቀው ሰላምታ እሱን ነው። "እርስዎ ነዎት ባሎቴ?"

"እርስዎ የምትለው ማንን ነው?" ብላ ሳቀች። "የጸሐፊው ልጅ አይደለህም? ግባ።"

ገባሁ። ወንበር ሰጠችኝ። ሳልቀመጥ፣ ሳልፈራ ልጨርሰው ብዬ፣ "ያን ቀን አውቅ ነበር" አልኳት። "መሬቱ እርጥብ እንደሆነ፣ ሊይዝሽ እንደሚችል አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"እንዴት?"

"አፍህን ከፍተህ ዘጋህ። እኔ ከዚያ አንተን አየሁ። የተማረው ልጅ እዚህ ቆሟል፣ መጥፎ ከሆነ ይናገራል አልኩ። ዝም አልክ። ደህና ነው ብዬ ያዝኩት።"

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ቤት፣ እንባዬ ወረደ። ባሎቴ ትንሽ አየችኝና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በሳህን ቦይና ይዛለች፤ ሌላው ጎደሬ የሚለውን ነው፤ ተቀቅሎ፣ በትኩሱ፣ በጎኑ ዳጣ። ፊቴ አስቀመጠችው። "በቃ፣ አለፈ። እኔም አረጀሁ፣ አንተም አረጀህ። ብላ" አለችኝ።

ንጹሕ ሳህን ነው። ቦይናው ይጨሳል። ቁርስ አልበላሁም፣ ርቦኛል። እጄን ልዘረጋ አልኩ፤ እጄ አልሄደም። ስንቃት የኖርኩት እናቴ ክንዴን የያዘችው ይመስል፣ ጭኔ ላይ ቀረ።

"ጦም ነኝ" አልኳት።

ባሎቴ ፊቷ አልተለወጠም። "ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለች። "የእናንተን ጦም እኔ አውቃለሁ፤ የድስት ገበያ በእሱ ነው የሚሄደው። ደግሞም ቅቤ የለውም።" ሳህኑን በቀስታ ወደ ራሷ ሳበችውና በደህናው እጇ መብላት ጀመረች። ስትበላ እንዳያት ሳይሆን ርቧት ነበር የምትበላው። የአባቴ ምድጃ ሸክላ መሰበሩን ስነግራት ከተደረደሩት አንዱን መርጣ በሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ፤ አንሥቼ ወጣሁ።

ቤት እንደደረስኩ ምድጃውን ፈታሁ። ክር በቦዩ ላይ ዙሪያውን አስተኝቼ ርዝመቱን ለካሁ፤ አዲሱን ሽቦ በክሩ ልክ እኩል እኩል አድርጌ ሳብኩት፤ ቦዩ ውስጥ አስገብቼ ጫፎቹን አጠበቅሁ። በቴስተር ላሜራውን ነካ ነካ አደረግሁት፤ አይነዝርም። ስሰካው ሽቦው ከመሐል እየዞረ ወደ ዳር ቀላ። ሙሉ ሽሮዋን ጣደችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ነገርካት?" አለችኝ።

"ነገርኳት።"

"ምን አለችህ?"

"ብላ አለችኝ።"

ሙሉ ፊቷ በራ። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "እሰይ! እንኳን ሄድክ! እና በላህ?"

"በላሁ" አልኳት።